አጥንትና አጽም፦ የሁለት ቃላት ታሪክ ከኮተቤ ጉድጓድ እስከ ምርመራ ክፍል

ስለ ሰው አካል በአማርኛ የሚጽፍ ሐኪም ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ከአንድ ምርጫ ፊት መቆሙ አይቀርም። በውጭ ቋንቋ «ስከለተን» ተብሎ የተማረውን በአገሩ ቋንቋ ምን ይበለው? የትምህርት መጻሕፍት «አጽም» ይላሉ፤ የአጥንቶቹን ሥርዓት በጠቅላላው ደግሞ «ሥርዓተ አጽም» ይሉታል። ታማሚው ግን ስለ ወገቡ ወይም ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲናገር «አጥንቴን» ይላል እንጂ «አጽሜን» አይልም። «አጽሜን» የሚል ቢኖር የት እንደሚቀበር የሚናዘዝ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ቃላት ታሪክ ከምንጩ ይዞ ይከተላል። ልዩነታቸው የቋንቋ ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት እንዳልሆነም ከቦሌ መንገድ ራስ እስከ ኮተቤ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ከተፈጸሙ ነገሮች ጋር አያይዞ ያሳያል።

በመጀመሪያ ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው። ግዕዙ «ዐፅም» ነው፤ ብዙ ቁጥሩ «አዕፅምት»። ዐረብኛው ዐዝም፣ ዕብራይስጡ ዔጼም፣ ትግርኛው ዓጽሚ የሚለው ይህንኑ ነው። ዕብራይስጡ በዚያው ቃል «ራሱ፣ እርሱነቱ» የሚለውንም ስለሚገልጽበት፣ አጥንት የሰው ማንነት ማደሪያ ነው የሚለው አሳብ በሴም ቋንቋዎች ዘንድ እጅግ የቆየ መሆኑን መገመት ይቻላል። የግዕዙ «ፅ» በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ብዙ ጊዜ ወደ «ጥ» ይዞራል፤ ፀጉርን ጠጉር፣ ፀሐይን ጠሐይ እንደምንል ማለት ነው። ከዐፅም የወጣው «አጥም» በጉራጌ ቋንቋዎች እስከ ዛሬ አለ። አማርኛ በመጨረሻው ላይ «ት» ጨመረና «አጥምት» የነበረው «ም» ከ«ት» ጋር ሲገናኝ ወደ «ን» ተለውጦ አጥንት ሆነ። እንግዲህ አጥንት በሕዝብ አፍ እየተንከባለለ የመጣው ልጅ ነው፤ አጽም ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በመጻሕፍት በኩል ከነመልኩ የተወረሰው ወንድሙ ነው።

ጠጉርና ፀጉር በአጠራር ቢለያዩም በትርጉም አልተለያዩም። ሰው ጠጉሩንም ተቆረጠ ፀጉሩንም ተቆረጠ ያው ነው። አጥንትና አጽም ግን ተለያይተዋል። አማርኛ ሁለቱን ቃላት ካገኘ በኋላ ሥራ አከፋፈላቸው ማለት ይቻላል። አጥንት የሕያው ነው፤ የሚሰበር፣ የሚጠገን፣ የሚቆረጥም ነው። ወጌሻ የሚያቃናው አጥንትን ነው። ሉካንዳ ቤት የሚመዘነውም አጥንት ነው። እግረ መንገዳችንን እናንሣውና የአማርኛ የአጥንትና የሥጋ ስያሜ ከሐኪም ቤት ይልቅ በሉካንዳ ቤት የበለጸገ ነው፤ ጎድኑን፣ ሽንጡን፣ ወርቹን፣ ፍሪምባውን፣ ቅልጥሙን እያንዳንዱን ለይቶ የማያውቅ አራጅ የለም። ዘርም አጥንት ነው፤ አጥንትና ጉልጥምት እየተቆጠረ ዝምድና ይመዘናል። አርበኛም ለአገሩ ደሙን አፍስሶ አጥንቱን ከስክሶ ይባላል። «አጽሙን ከስክሶ» የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም፤ ምክንያቱም አጥንቱን የሚከሰክሰው ሕያው ሰው ነውና።

አጽም በአንጻሩ የሟች ነው፤ ሟች ሲባል ግን ነገሩ ያበቃለት ማለት አይደለም። አጽም ይጠብቃል፣ ይጠይቃል፣ ይፋረዳል። «የአባቶቻችን አጽም ይወቅሰናል» ሲባል «አጥንታቸው ይወቅሰናል» ብሎ መተካት አይቻልም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በትውልድ የሚተላለፈው የርስት ይዞታ «አጽመ ርስት» ይባል የነበረው በከንቱ አይደለም፤ የመሬቱ መብት የሚመነጨው በዚያ ምድር ካረፉት ቀደምት ነበርና። የልዑል ዓለማየሁ ነገር በየጊዜው ሲነሣ፣ ማለትም በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የጸሎት ቤት የተቀበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ይመለስ ሲባል፣ የሚጠየቀው «አጽሙ» ነው። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን ሳይቀበል የቀረው በሥፍራው የተቀበሩ ሌሎች ሰዎችን ሳያውኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም በሚል ነበር። መልሱ ደስ የሚያሰኝ ባይሆንም፣ አጽም ማለት በመሬት ውስጥ ያለ ካልሲየም ሳይሆን ክብር የሚገባው ሰው መሆኑን ሁለቱም ወገን የተረዳው ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ይህ ክፍፍል የአማርኛ እንጂ የግዕዝ አይደለም። በግዕዝ ዐፅም ለሕያውም ለሙትም ያገለግላል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑን ምእመናን በየዓመቱ የሚያስቧቸው ሦስት በዓላት ናቸው። ጥር 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት «ስባረ ዐፅም» ይታሰባል፤ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ ሌላው እግራቸው የተሰበረበት ነው። የተሰበረው የሕያው ሰው አጥንት ነው፤ ግዕዙ ግን ያለ ምንም ችግር ዐፅም ብሎታል። ጥር 18 ቀን፣ በገርጂ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የሰማዕቱ አድባራት የሚታወቀው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ «ዝርወተ ዐፅም» ነው፤ ተቃጥሎና ተፈጭቶ በነፋስ የተበተነበት። ግንቦት 12 ቀን ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት «ፍልሰተ ዐፅም» ነው፤ ከመጀመሪያ መቃብራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ የተሸጋገሩበት። ስብራት፣ ብትነት፣ ፍልሰት። አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ የአስከሬን መርማሪ በሥራቸው የሚገጥማቸውን ነገር ሁሉ እነዚህ ሦስት ቃላት ይሸፍኑታል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ወደ ሌላው ዓለም ብንሻገር ቃሉ የመጣው ከፍጹም ሌላ አቅጣጫ ነው። የምዕራቡ ሳይንስ የሚጠቀምበት ቃል ከግሪክኛው «ስኬሌቶስ» የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «የደረቀ» ማለት ነው። ግሪኮቹ ያዩት የደረቀ ሬሳን ነበር። ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ አጥንትንም ሰውንም አይጠራም፤ ሁኔታን ይጠራል። እንድርያስ ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. የሰውን አካል አሠራር የሚተነትነውን ታላቅ መጽሐፉን ሲያሳትም አጥንቶቹን በገጠርና በከተማ ዳራ ላይ ቆመው ሲያስቡና ሲያዝኑ አስቀርጿቸዋል። በዚያው ዓመት በባዝል ከተማ በሞት የተቀጣ የአንድ ወንጀለኛ አስከሬን በአደባባይ ከፍቶ አጥንቶቹን ገጣጥሞ አቁሟል፤ ይህም እስከ ዛሬ በከተማይቱ የአናቶሚ ሙዚየም ይታያል። ሰውየው ማን እንደነበረ ተመዝግቦ ቀርቷል። ይህ ዕድል ከእርሱ በኋላ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለተሰቀሉት ለአብዛኞቹ አልደረሳቸውም። ሕንድ በ1985 እ.ኤ.አ. እስክትከለክል ድረስ ለማስተማሪያ የሚሸጠው የሰው አጥንት በብዛት ይወጣ የነበረው ከዚያች አገር ሲሆን ስም ይዞ የሚሄድ አልነበረም።

በእኛ አገር ቃላቱ የተፈተኑት በ1967 ዓ.ም. ነው ብለን እናምናለን። ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ደርግ 60 ያህል የቀድሞውን መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነና በጅምላ ጉድጓድ ቀበረ። በማግሥቱ ኅዳር 15 ቀን በአፋር በረሃ በሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ከአንድ አቀበት ሥር የክንድ አጥንት ስባሪ አገኙ። ይህ በኋላ «ሉሲ» የተባለችው፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላት ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ስትሆን ከአካሏ አጥንቶች 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በአንድ ቀን ልዩነት የአንዲቱ አገር ምድር በአንድ ወገን ሰዎችን ስትደብቅ በሌላ ወገን አንዲትን ገለጠች። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ለሁለቱም የሚሰጠው ቃል አንድ ሆኖ ተገኘ፦ አጽም።

የድንቅነሽ በጣም የሚያስገርም ነው። በሥነ ሕይወት አነጋገር በአካሏ ውስጥ አጥንት የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል አልቀረም፤ የቀድሞውን ቦታ ማዕድን ተክቶታል። ድንጋይ ናት። ለዚህም ነው «ቅሪተ አካል» የሚለው ቃል ተፈጥሮ ሥር የሰደደው፤ በእኛ አስተያየት በዘመናችን ከተፈጠሩት ሳይንሳዊ ቃላት ሁሉ እጅግ ከተሳኩት አንዱ ነው። ሆኖም በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አሜሪካ ስትጓዝ፣ በ2005 ዓ.ም. ስትመለስ፣ እንደገናም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከሰላም ጋር በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለመታየት ስትሄድ፣ የከተማው ሰው የተነጋገረው ስለ «አጽሟ» ነበር። ቅሪተ አካል ዕቃ ነው፤ ሊዋስ ይችላል። አጽም ግን ሰው ነው። በአሜሪካው ጉዞ ጊዜ «ለምን ትወጣለች?» የሚለው ክርክር የተነሣው ለስብርባሪነቷ በመስጋት ቢሆንም፣ ከሥሩ የነበረው ስሜት በዚህ ቃል ውስጥ የተሸሸገ ነው።

ወደ ሌላኛው ጉድጓድ እንመለስ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በልዩ ልዩ ሥፍራ የጅምላ መቃብሮች መከፈት ጀመሩ። የ1967ቱ ሟቾች አጽም ተነሥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በየካቲት 1984 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም በቤተ መንግሥት ውስጥ ተገኘና በበዓታ ለማርያም ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል ተቀበረ። የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም ከተጣለበት ወጥቶ በጎፋ ገብርኤል አረፈ። እነዚህ ስማቸው የታወቀ ነበር። ያልታወቁትን ለይቶ ለማወቅ ግን ሌላ ሙያ አስፈለገ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የአስከሬን ምርመራ የሚካሄድበት ምኒልክ ሆስፒታል ነበራት። ይሁን እንጂ ሥጋው ካለቀ፣ ከተደባለቀና ዐሥራ አምስት ዓመት በመሬት ውስጥ ከቆየ አጥንት ላይ ሰውን ማንበብ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የጠራቸው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች ነበሩ። ቡድኑ የተመሠረተው በ1984 እ.ኤ.አ. በአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ዘመን የጠፉ ሰዎችን ለመፈለግ ሲሆን፣ ያስተማራቸው አሜሪካዊው ክላይድ ስኖው ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በከተማይቱ ምሥራቅ ጫፍ በኮተቤ የነበረን አንድ የጅምላ መቃብር ቆፈሩ። ከአጥንቶቹ ጋር የወጣው ነገር በአንገት ላይ የቀረ የናይሎን ገመድ ነበር።

አንድ የጅምላ መቃብር ሲከፈት የሚታየው አጽም አይደለም፤ አጥንት ነው። ይህን የሚያስረዳ አማርኛ ከሁለቱ ቃላት ልዩነት የተሻለ አይገኝም። አንድ ጎልማሳ ሰው 206 አጥንት አለው። ሲወለድ ከ270 እስከ 300 የሚደርስ ሲሆን ሲያድግ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። ሃያ ሰው በተጣለበት ጉድጓድ ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ አጥንት ተደበላልቆ ይገኛል ማለት ነው። ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ከቁጥር ነው። ከአንድ ሰው ላይ አንድ ብቻ የሚገኘውን አጥንት፣ ለምሳሌ የግራ ጭን አጥንትን፣ ይቆጥራል፤ ዐሥራ ሁለት የግራ ጭን አጥንት ካለ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ከዳሌው አጥንት ጾታን፣ ከዳሌው መገጣጠሚያ ገጽ፣ ከጥርስና ከአጥንት ጫፎች መጋጠም ዕድሜን፣ ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመትን ይገምታል። በልጅነት ተሰብሮ የጠገነ ክንድ ካለ ይመዘግባል፤ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ይህንን ነውና። የጠገነ ስብራት ሕያው አጥንት የሠራው ሥራ ነው፤ በሞት ጊዜ የደረሰ ስብራት ደግሞ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይቀራል፤ ከሞት ብዙ ቆይቶ በአካፋ የተሰበረው በቀለሙና በስባሪው ዓይነት ይለያል። በመጨረሻ አጥንቶቹ በአካል ቅደም ተከተላቸው ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራሉ። በዚያች ሰዓት አጥንት መሆናቸው ያበቃና አጽም ይሆናሉ። አማርኛ «የሃያ ሰው አጽም» እንጂ «ሃያ ሰው አጥንት» የማይለው ለዚህ ነው፤ አጽም የሚቆጠረው በሰው ልክ ነው።

ፍርድ ቤትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተከፈተው የወንጀል ክስ ችሎት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ናቸው እስከሚል ፍርድ ድረስ 12 ዓመት ወስዷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቀረቡት ማስረጃዎች የሚበዛው ወረቀት ነበር፤ ደርግ መግደሉን በጽሑፍ ይመዘግብ ስለነበር የግድያ ትእዛዝ ከነፊርማው ተገኝቷል። እንደ ኮተቤው ያለ ጉድጓድ የጨመረው ነገር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በሰው አካል ላይ መፈጸሙን ነው። በቦሌ መንገድ መነሻ፣ በመስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከጉድጓድ የወጡ የራስ ቅሎችንና አጥንቶችን ከልብስና ከፎቶግራፎች ጋር ለሕዝብ አሳይቷል። የሕክምና ተማሪ ወደዚያ ቢገባ እያንዳንዱን አጥንት በላቲን ስሙ መጥራት ይችላል። እናቶች ግን ሲገቡ የሚፈልጉት የልጃቸውን አጽም ነው። በመስተዋት ውስጥ ያለው አጥንት እንጂ ተሰብስቦ ስም ያገኘ አጽም ባለመሆኑ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ያላቸው ቦታ ያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ስለ አንድ አጥንት ለብቻው ማውራት ተገቢ ነው። ከምላስ ሥር፣ ከማንቁርት በላይ፣ የፈረስ ጫማ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች። ከ206ቱ ልዩ የሚያደርጋት ከሌላ አጥንት ጋር በቀጥታ አለመገጣጠሟ ነው፤ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥላ ትኖራለች። ግሪኮች ከፊደላቸው አንዱን ስለምትመስል በፊደሉ ስም ጠሯት፤ በአማርኛ ግን ሕዝብ የሚያውቃት ስም የላትም። ሉካንዳውም ወጌሻውም ለእርሷ ጉዳይ የላቸውምና። ነገር ግን ሰው ታንቆ መሞቱ ሲጠረጠር መርማሪ በቅድሚያ ከሚፈልጋቸው አጥንቶች አንዷ እርሷ ናት፤ በማነቅ ጊዜ ልትሰበር ትችላለችና። ትንሽና ልቅ በመሆኗ በመቃብር ውስጥ በቀላሉ ትጠፋለች። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. በዲኪካ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ሕፃን ሰላም ለዓለም ካበረከተቻቸው ነገሮች አንዱ ይህችው አጥንት ናት። ከአሸዋ ድንጋዩ እየተፈለፈለች እስክትለይ ዓመታት ወስዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ለዓለም ስትገለጽ የአፍሪካን ዝንጀሮዎች የምትመስል ሆና ተገኘች፤ ይህም ስለ ድምፅ አፈጣጠር ለሚደረገው ጥናት ትልቅ ፍሬ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቃል አመራረጡ እንግባ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትና ከእርሱ በፊት የተደረጉት የስያሜ ሥራዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ከግዕዝ የመነጩትን ቃላት የመረጡትም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ችግሩ ግዕዙ ለሕያውም ለሙትም የሆነውን ቃል አማርኛ ለሙት ብቻ አድርጎት መቆየቱ ነው። ሕያው አጥንት ደም የሚፈስበት፣ ሕዋስ የሞላበት፣ በመቅኔው ደም የሚያመርት፣ በጎልማሳ ሰው አንድ ዐሥረኛ ያህሉ በየዓመቱ የሚታደስ አካል ነው። ስለዚህ ለታማሚ በሚሰጥ ጽሑፍም ሆነ ንግግር ላይ አጽም ባይገባ እንመርጣለን። የአጥንት መሳሳት፣ የአጥንት ነቀርሳ፣ የአጥንት ሐኪም እንደምንለው ሁሉ «ሥርዓተ አጥንት» ብንል ምንም አይጎድልብንም። በትምህርት ቤት «ሥርዓተ አጽም» ሥር ሰድዷል፤ ልጆችም ያለ ፍርሃት ያጠኑታል። እዚያ መንቀሉ ጥቅም አለው ብለን አናምንም።

ሥነ ሕይወት ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። ሻርክ የተባለው ዓሣ አካሉን የሚሸከመው በልም አጥንት እንጂ በአጥንት አይደለም፤ እንግዲህ «አጥንት የሌለው አጽም» ልንል ነው። የአንበጣና የጉንዳን ውጫዊ ሽፋን ከአጥንት ጋር በምንም ዝምድና የለውም፤ ሆኖም «ውጫዊ አጽም» ተብሏል። የምድር ትል ቅርጹን የሚጠብቀው በአካሉ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ የውኃ አጽም እንበል? ከሁሉ የሚከፋው በሕዋስ ውስጥ ቅርጽ የሚሰጡትን ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች «የሕዋስ አጽም» ማለት ነው። ሕያው ሕዋስ ውስጥ መቃብር ከፈትንበት ማለት ነው። ግሪክኛው የደረቀውን ሬሳ ረስቶ ወደ «መዋቅር» ትርጉም ስለተሻገረ አውሮፓውያን ይህን አይሰሙትም። እኛ ግን እንሰማዋለን። ለመዋቅር የሚሆን ቃል ከፈለግን ቤት ሠሪዎቻችን አሏቸው፤ ቋሚ፣ ማገር፣ ምሰሶ፣ ወራጅ። «የሕዋስ ማገር» የሚለውን ለሰማ ተማሪ ነገሩ ከማብራሪያ በፊት ይታየዋል። ማገር ይታሠራል፣ ይፈታል፣ ይቀየራል፤ በሕዋስ ውስጥ ያሉት ክሮችም እንዲሁ ናቸው።

አጽም ከነክብሩ ሊቀመጥበት የሚገባው ሥፍራ አለ። አንደኛው የአስከሬን ምርመራ መዝገብና የፍርድ ቤት ሰነድ ነው፤ እዚያ «አጥንት» እና «አጽም» ተለይተው ቢጻፉ ሰው የተቆጠረበትና ያልተቆጠረበት ወዲያው ይታወቃል። በዚህ ላይ አጻጻፉ አንድ ቢሆን መልካም ነው። ዐፅም፣ ዓፅም፣ ዐጽም፣ ዓጽም፣ አፅም፣ አጽም የሚሉ ስድስት ዓይነት አጻጻፎች በየመዝገቡ ሲገኙ፣ ኮምፒዩተር እንደ ስድስት ቃል ይቆጥራቸዋልና የጠፋ ሰው ፈልጎ የመጣ ቤተሰብ ፋይሉ እያለ የለም ሊባል ይችላል። በምንጩ ካየነው ትክክለኛው ዐፅም ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ለአማርኛው አጽም ያልነው የተለመደውን ተከትለን ነው።

ሁለተኛው ሥፍራ የማስተማሪያ ክፍላችን ነው። በአገራችን ለሕክምና ትምህርት የሚውለው አስከሬን በአመዛኙ ጠያቂ ያልተገኘለት ሰው ነው። ተማሪዎች አጥንቶቹን በሣጥን ተከፋፍለው ያጠናሉ፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የማን እንደነበሩ ይጠፋል፤ በኮተቤ የተሠራው ሥራ በግልባጩ ተፈጸመ ማለት ነው፤ አጽም የነበረው ወደ አጥንት ተመለሰ። በፕላስቲክ የተሠሩት በብዛት ገብተው ብዙ ችግር ቀርፈዋል፤ ነገር ግን እውነተኞቹ ገና ከመደርደሪያው አልወረዱም። እያንዳንዱ ስብስብ ቁጥር ቢሰጠው፣ ያንድ ሰው አጥንቶች በአንድ ሣጥን ቢቆዩ፣ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በወጉ የሚቀበሩበት ደንብ ቢኖር ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የመቃብር ቦታ በልማት ሲነሣ ቤተሰብ ተጠርቶ አጽሙን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሌላ ደብር የሚያፈልስባት ከተማ ናት፤ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለችም።

ለዚያች ከምላስ ሥር ላለችው አጥንት ስም ሳንሰጥ እንዳንለይ፣ «የምላስ ሥር አጥንት» ብትባል ለተማሪም፣ ለመርማሪም፣ ለዳኛም ትገባለች የሚል አሳብ አለን። የተሻለ ስም ያለው ባልደረባ፣ በተለይም ከቆላው ወይም ከደጋው አገር በሕዝብ አፍ የሰማው ካለ፣ በዚሁ መጽሔት በኩል ቢያሳውቀን በደስታ እንቀበላለን።